ነጥቧ የወረደች ዕለት

ሁለተኛው ታላቅ ጦርነት ሦስተኛ ዓመቱን በያዘበት ወራት፣ ብርዱ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው፣ ከግንባር ርቃ በምትገኝ አንዲት ከተማ፣ ከተማሪ ይልቅ ወታደር በሚመላለስበት የዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ፣ ከአሮጌው የፊዚክስ ሕንፃ ሥር አንድ ምድር ቤት ነበር፤ መስኮት የለውም፤ ወደ እሱ የሚያወርደው የድንጋይ ደረጃ በእግር ብዛት መካከሉ ጎድጉዷል፤ የግድግዳው ኖራም በእርጥበት ተላልጧል። በክፍሉ መካከል ጋዝ የታመቀበት ድቡልቡል ብረት በእርሳስ ጡቦች ታጥሮ ተቀምጧል፤ ከእሱ የተዘረጋች ቀጭን ሽቦ አንዲት ትንሽ መስታወት ትነካለች፤ መስታወቷ ደግሞ የምስር ፍሬ የምታክል የብርሃን ነጥብ ከማዶው ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ረጅም ማስመሪያ ላይ ትጥላለች።

የምድር ቤቱ ነገር ሁሉ የዚያች ነጥብ ነገር ነበር። ሊቃውንት የጠፈር ጨረር የሚሉት፣ ከየት እንደሚነሣ በዚያን ዘመን ያወቀ ሰው ያልነበረ አንዳች የማይታይ ዝናብ፣ ቀንና ሌሊት ሳይለይ ከሰማይ ይወርዳል፤ ጣራውን፣ ፎቁን፣ እርሳሱን፣ በመንገዱ የቆመውንም ሰው በስቶ ያልፋል፤ ማንንም አያረጥብም፣ ማንም አያመልጠውም። ዝናቡ ሲበረታ ነጥቧ ከፍ ትላለች፤ ሲሳሳ ዝቅ ትላለች። እንደ እውነቱ ከሆነ ግን ነጥቧ ከቦታዋ ንቅንቅ የምትልበት ቀን እምብዛም ስለነበር፣ እዚያ ተቀምጦ እሷን መጠበቅ የተኛን ሰው ከመጠበቅ ብዙም አይለይም።

የነጥቧን ከፍታ በየሰዓቱ በወረቀት ላይ እየነቆጡ በመስመር የማያያዝን ሥራ የያዘችው ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ ፊቷ ፀሐይ ከማጣት የገረጣ፣ ምላሷ ግን የተሳለ አንዲት ሴት ነበረች፤ ተማሪዎቹ «የምድር ቤቷ» እያሉ ይጠሯታል፣ እሷም ስሙን ወዳው ነበር። አንዳንዱ ደረጃው ላይ ቆሞ «ብቻሽን አትፈሪም?» ሲላት፣ «ብቻዬን መች ሆኜ! ስንቱ በአናቴ እያለፈ» ትላለች፤ ጠያቂውም ስቆ፣ ነገር ግን አናቱን ዳሰስ አድርጎ ይወጣል። በዓለም ላይ የቀራት ዘመድ አንድ ወንድሟ ብቻ ነው። እናታቸው ስትሞት ገና ልጅ ስለነበር አጥባ፣ አብልታ፣ ፊደል አስቆጥራ ያሳደገችው እሷ ናት፤ አሁን ከበረሃው ማዶ በሚገኝ የድንበር ምሽግ ሬዲዮኛ ሆኖ ዘምቷል።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ ነጥቧ ወረደች። ማንም አልነካትም፤ በሩም ዝግ ነበር። ወደ ታች ስታዘግም፣ ከበስተጀርባዋ የቆመ ሰው በጣቱ የሚገፋት ይመስል ነበር። የምድር ቤቷ ጋዙ ሾልኮ ይሆናል ብላ ቧንቧውን ፈተሸች፣ ማሰሪያውን አጠበቀች፣ አምፖሉን ወለወለች፤ ሁሉም ደህና ነው። ከጥግ ያለው የኮምፓስ መርፌ ግን በመስታወት ክዳኑ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጀምበር ጠልቃ ሲጨልም ወደ ግቢው ብትወጣ፣ ሰማዩ በአንድ ወገን ደም ለብሷል፤ ሰው ከየቤቱ ወጥቶ የጎረቤት ከተማ ተቃጠለ ይላል፤ ግን ጭስም፣ የመድፍ ድምፅም የለም፤ ውሾች እንኳ ጸጥ ብለው ነበር። በጥቂት ቀኖች ውስጥ ነጥቧ ዳግመኛ ቀስ እያለች ወደ ቦታዋ ወጣች። የምድር ቤቷም ነገሩን ለፕሮፌሰሩ ነግራ ተወችው።

ብዙም ሳይቆይ ከድንበሩ ምሽግ ስንቅ የሚያመላልስ አንድ ሾፌር፣ አቧራው ከፊቱ ሳይራገፍ፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ እያሻሸ ከምድር ቤቱ ደረጃ ላይ ቆመ። የወንድሟ ወዳጅ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሰላምታ አምጥቶላታል። ዛሬ ግን ዓይኑን ሰበረባት።

«እትዬ፣ እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በይ።»

«ቆሜ እሰማለሁ። ሞተ?»

«ኧረ አልሞተም። ታስሯል። ሬዲዮው አንድ ቀን ተኩል ጭጭ አለበት። በዚያው ቀን አንድ ሻምበል ጦር ከምሽጉ ወጥቶ ነበር፤ ጠላት ሸለቆው ውስጥ አድፍጦላቸዋል ተብሎ ከዚህ የተላከው ማስጠንቀቂያ ሳይደርስ ቀረ። ሰው አለቀ፣ እትዬ። ‹ሆን ብሎ ነው ያፈነው፣ ከጠላት ጋር እጅና ጓንት ነው› አሉና የጦር ፍርድ ቤት ሞት ፈረደበት። ውሳኔው እዚህ ጠቅላይ መምሪያ እስኪጸድቅ ነው የሚጠብቁት።»

«እሱስ ምን አለ?»

«‹ሬዲዮዬ ደህና ነው፤ የደነቆረው ሰማዩ ነው› አለ። ማን ይስማው። እንዲያውም ሳቁበት።»

የምድር ቤቷ ቀኑን ጠየቀች፤ ሾፌሩ ነገራት፤ ነጥቧ የወረደችበት ቀን ነበር። ያን ጊዜ ልቀመጥ ሳትል ከእርሳሱ ጡብ ላይ ተቀመጠች። ፈራች፤ ወዲያውም ከፍርሃቷ ሥር ተስፋ የሚመስል ነገር ተነሣባት፤ ሾፌሩን ደረጃው ላይ ትታ ወደ ፕሮፌሰሩ ቢሮ ሮጠች።

ፕሮፌሰሩ ሻርፕ ከአንገታቸው የማይለይ፣ ኪሳቸው በጠመኔ ፍርፋሪ የተሞላ፣ ሳል ያደከማቸው ሽማግሌ ነበሩ፤ ከጦርነቱ ዋዜማ የውጭ አገር ሊቃውንት ስለዚህ ነገር የጻፉትን አንብበዋል። የኮምፓስ መርፌዎች በዓለም ዙሪያ በሚታወኩበት ቀን የጠፈሩ ዝናብ እንደሚሳሳ፣ ለዚህም ሁከት ሰበቡ በፀሐይ ፊት ላይ የሚወጣው ጥቁር ነጠብጣብ ሳይሆን እንደማይቀር ያውቁ ነበር፤ የሬዲዮ ሞገድም በእነዚያው ቀናት ከሰማይ ላይ ይጠፋል። ስለምን እንደሆነ ግን እሳቸውም፣ በሕይወት ያለ ሌላ ሰውም አያውቅም። ኮታቸውን ደረቡ፤ እያሳሉም ከእሷ ጋር ወደ ጠቅላይ መምሪያው ሄዱ።

የመምሪያው ኮሎኔል ጢማቸውን ሙልጭ አድርገው የተላጩ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ መኮንን ነበሩ። ሌሎቹ ምሽጎች የስልክ ሽቦ አላቸው፤ በሬዲዮ ብቻ የሚገናኘው ያ የበረሃው ምሽግ ስለሆነ፣ የዚያን ቀን ዝምታ ከአንድ ሬዲዮኛ ተንኮል በቀር የሚያስረዳላቸው አልነበረም። ፕሮፌሰሩን እስከ መጨረሻው አዳመጡ፤ ከዚያም ጣቶቻቸውን አቆላልፈው ጠየቁ።

«ፀሐይ ተቆጥታ እሳት ተፋች ይሉኛል። ታዲያ የእናንተ መሣሪያ ከሰማይ የሚመጣውን የሚቆጥር ከሆነ፣ ያን ቀን መብዛት አልነበረበትም? እናንተ ቀነሰ ነው የምትሉት። ይህ ለተከሳሹ ምስክር ነው ወይስ በተከሳሹ ላይ?»

«የሚያስፈራውም እሱ ነው፣ ክቡር ኮሎኔል» አሉ ፕሮፌሰሩ። «ዝናቡ የፀሐይ አይደለም፤ ከዚያ ወዲያ ከሩቅ ነው የሚመጣው። እሷ ስትቆጣ አንዳች ነገር በእኛና በዚያ ሩቅ አገር መካከል ገብቶ በር የሚዘጋ ይመስላል። ምን እንደሆነ አላውቅም። አላውቅም ማለትም በዚህ ዕድሜዬ ያሳፍረኛል።»

«ባልታወቀ ነገር ሰው አልፈታም።»

የምድር ቤቷ ይህን ስትሰማ ከወንበሯ ተነሣች። «ጌታዬ፣ አፈር ስሆንልዎ፣ ይመልከቱት እንጂ አይመኑን። ፀሐይ ትዞራለች፤ ያ ጥቁር ነጥብ አሁን ከጀርባዋ ነው። ነጥቧ ከወረደችበት ቀን አንሥቶ በሃያ ሰባት ቀን ዞሮ ወደ እኛ ፊቱን ይመልሳል። ያን ጊዜ ነጥቧ እንደገና ስትወርድ በዓይንዎ ያዩዋታል። ወንድሜ እስር ቤት ሆኖ፣ ሬዲዮው በሌላ ሰው እጅ ሆኖ!»

ኮሎኔሉ የምሽጉ አዛዥ ጨካኝ ሰው ባይሆንም ወታደሮቹ ጓደኞቻቸውን ቀብረው ደማቸው እንደፈላ፣ ፍርዱን ያለ ወሰን ማዘግየት ዓመፅ መጥራት እንደሆነ አስረዱ። ቀን መቁረጥ ያስፈልጋል፤ ከተቆረጠው ቀን በኋላ አንድ ጧት እንኳ መጨመር አይቻልም። የምድር ቤቷም በነጥቧ ስለምትተማመን፣ ወንድሟንም ከዚያች ክፍል ሆና የምታድነው ስለመሰላት፣ ይህን ቃል በገዛ አንደበቷ ተናገረች፤

«ይቆረጥ። ምልክቱ እንደታየ በሬዲዮ ‹ፍርዱ ይቁም› ብለው ይላኩልኝ። እስከዚያ ቀን ጧት ቃል ካልደረሳቸው፣ እንዳሻቸው ያድርጉ።»

ፕሮፌሰሩ አንገታቸውን በመስማማት ነቀነቁ። ኮሎኔሉ ቃሏን እንዳለ ለጸሐፊያቸው አስጻፉ፤ ትእዛዙ በዚያው ዕለት ለምሽጉ ተላለፈ፤ ምሽጉም ተቀብያለሁ ብሎ መለሰ። ሦስቱም ተጨባብጠው ተለያዩ፤ የምድር ቤቷ የወንድሟን መታሰር ከሰማች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እህል አላመጠች።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የመጠበቅ ነበር። ፕሮፌሰሩ ከጣራው ላይ ባለው መነጽር የፀሐይን መልክ በነጭ ወረቀት ላይ እየጣሉ በየዕለቱ ይመለከቱ ነበር፤ አንድ ጧት በጠርዟ ላይ የሻገተ የሚመስል ጥቁር ነገር ብቅ አለ፤ ነድፈው ሲያወርዱላት የምድር ቤቷ ጣቷን ወረቀቱ ላይ አድርጋ «መጣህልኝ?» አለችው። በልጅነቷ መብረቅ ሲያጓራ ከአልጋ ሥር ትደበቅ የነበረች ሴት፣ አሁን ፀሐይን ተቆጪልኝ እያለች ትለምን ጀመር፤ ልመናዋም ራሷን ያስደነግጣት ነበር። ከነጥቧ ፊትም አልራቀችም። ምግቧን ደረጃው ላይ ያስቀምጡላታል፤ አምፖሉ ሳይደክም ትለውጠዋለች፤ መብራት ቢጠፋ ብላ ባትሪ ደርድራለች፤ የክፍሉ ሙቀት እንዳይለዋወጥ በሩን በብርድ ልብስ ጋርዳለች። ነጥቧ ግን ቀን በቀን እዚያው ነበረች፤ አልተነቃነቀችም። ጥቁሩ ነጥብ የፀሐይን መካከል አልፎ መጓዝ ሲጀምር፣ ፕሮፌሰሩ ሳላቸውን ሰበብ አድርገው ፊታቸውን ከምድር ቤቷ ያዞሩ ነበር።

የተቆረጠው ጧት ነገ ሊሆን፣ ኮሎኔሉ ራሳቸው ወደ ምድር ቤቱ ወረዱ። የቃል ሰው ነበሩ፤ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው ከእንጨት ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ሦስቱም ነጥቧን ሲያዩ ረፋዱ አለፈ። ከቧንቧው ላይ አልፎ አልፎ ጠብ ከሚለው ውሃ በቀር ድምፅ አይሰማም። ቀትር ካለፈ በኋላ የኮምፓሱ መርፌ ክዳኑን በስሱ ነካው፤ ትንሽ ቆይቶም ነጥቧ ወረደች።

ኮሎኔሉ ብድግ አሉ። «ማን ነካት?»

«ማንም» አሉ ፕሮፌሰሩ በሹክሹክታ።

ነጥቧ ወረደች፤ ቆመች፤ ደግሞ ወረደች። ኮሎኔሉ ወደ ግድግዳው ተጠግተው እጃቸውን በብርሃኗ ላይ ዘረጉ፤ ነጥቧ በእጃቸው ጀርባ ላይ ተንሸራትታ፣ በጣቶቻቸው መካከል አልፋ፣ መንገዷን ቀጠለች። እጃቸውን በፍጥነት ሰበሰቡት።

«አሁን በእኔም ላይ የሚወርደው ቀንሷል ማለት ነው?»

«አዎን፣ ጌታዬ» አለች የምድር ቤቷ።

«ምንም አልተሰማኝም።»

«ማንም አይሰማውም።»

ኮሎኔሉ ክፍሉን፣ ጣራውን፣ የገዛ ትከሻቸውን ተመለከቱ፤ ዕድሜ ልካቸውን ከኋላቸው የቆመ ሰው ገና አሁን ዞር ማለቱን ያወቁ ያህል አንገታቸው ላይ ያለው ጠጉር ቆመ። ከዚያም እንደ መኮንን ሳይሆን እንደ አባት፣ «አንቺ ልጅ፣ ወንድምሽ ንጹሕ ነው» አሏት። የምድር ቤቷ ሳቀች፣ አለቀሰች፣ የፕሮፌሰሩን ሻርፕ ይዛ ሳመችው። ተያይዘው ከግቢው ወጡ፤ መንገዱን ተሻግረው ወደ ጠቅላይ መምሪያው የሬዲዮ ክፍል ሲገቡ የእግራቸው ኮቴ በኮሪደሩ ውስጥ ያስተጋባ ነበር።

ሬዲዮኛው መነጋገሪያውን ከጆሮው አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦት ነበር። ኮሎኔሉን ሲያይ ተነሣ።

«ክቡር ኮሎኔል፣ ላሳውቅዎ ልመጣ ነበር። ከቀትር ጀምሮ ምሽጉ አይሰማም። ፉጨት እንኳ የለም። ጆሮዬ የደነቆረ መስሎኝ ጣቴን አጩኼ ነው ያረጋገጥኩት።»

መጀመሪያ ነገሩ የገባቸው ለፕሮፌሰሩ ነው፤ ግድግዳውን ይዘው ቀስ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ፤ «ምን አደረግን?» አሉ፣ «ምን አደረግን፣ ልጄ?» የምድር ቤቷ አልጮኸችም። የሰማይን ነገር ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠብቅ የኖረች እሷ፣ የምትለምነው ቁጣ የሚያደነቁረው ያንኑ የምሕረቱን መንገድ መሆኑን ሳታስብ ቀርታለች፤ ቃል ካልደረሳቸው ያለችውም እሷ ናት። «እኔ ነኝ ያልኩት» አለች፤ ደጋግማም አለችው፤ ሌላ ቃል ከአፏ አልወጣም።

ኮሎኔሉ በተቻላቸው ሁሉ ሞከሩ፤ ይህን መካድ አይገባም። በከተማው አንድም አውሮፕላን አልነበረም፤ ሁሉም ግንባር ናቸው። ያ ሾፌር ተጠርቶ፣ በኮሎኔሉ እጅ የተፈረመ ትእዛዝ በኪሱ ይዞ፣ የሦስት ቀን መንገድ ወደ ሆነው በረሃ መኪናውን አስነሣ፤ ለአንድ ጧት የሦስት ቀን መንገድ እንደማይደርስ ግን የሸኙትም እሱም ያውቁ ነበር። ሬዲዮኛው «ፍርዱ ይቁም» የሚለውን እስኪነጋ ድረስ ደጋገመው፤ የሚመልስለት አልነበረም። ሲጨልም ሰማዩ ዳግመኛ ቀላ፤ ሰው ወጥቶ ሲያይና ሲደነግጥ፣ የምድር ቤቷ ከግቢው በር ላይ ቆማ ለማንም ሳትመልስ ተመለከተችው።

ሾፌሩ የተመለሰው ከሳምንት በኋላ ነው። በዚህ ጊዜ ቁጭ በይ አላላትም፤ እሱ ራሱ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«ንገረኝ» አለችው። «እንዳለ ንገረኝ፤ በሞቴ ምንም አትቀንስብኝ።»

«ዘበኛው ነው ያጫወተኝ። የዚያን ቀን ከቀትር በኋላ አዲሱ ሬዲዮኛ ‹ጠፋ! መስመሩ ጠፋ!› እያለ ሲጮኽ ወንድምሽ ከታሰረበት ሰማ፤ አንቺ የጠየቅሽውን ነግረውት ኖሯል። ዘሎ ተነሣ አሉ። ሳቀ። ዘበኛውን በፍርግርጉ በኩል ይዞ ‹እታለም አደረገችው! አሁን እንግዲህ ያውቃሉ› አለው። ከታሰረ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል አያውቅም ነበር፤ ያን ሌሊት ግን ለጥ ብሎ ተኛ። ጧት ሲቀሰቅሱት ሊፈቱት የመጡ መስሎት፣ ለመንገድ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ አጠባበቀ።»

«አዲሱ ሬዲዮኛስ? እሱ አልተናገረም?»

«ተናግሯል። ‹ጌታዬ፣ ለእኔም እንደሱ ነው ዝም ያለው› ብሎ ለአዛዡ ነግሮታል። አዛዡም ‹የተሰጠኝ ትእዛዝ ቃል ካልመጣ ነው የሚለው፤ ቃል መጥቷል?› አለው። ‹አልመጣም› አለ። በቃ።»

የምድር ቤቷም «እንግዲያው እስከ በሩ ድረስ ደስ ብሎት ነው የሄደው» አለች። ሾፌሩ ይህ ለመጽናናት ይሁን ለሌላ ግራ ገብቶት ባርኔጣውን አሻሸ። ከዚያ ተነሥታ አምፖሉን ለወጠች፤ ወደ ሥራዋም ተመለሰች፤ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ በዚያው ምድር ቤት ኖረች፤ ነገር ግን ብቻሽን አትፈሪም ወይ ብሎ ለሚጠይቃት ከዚያ ወዲያ የሰጠችው መልስ አልነበረም።

የዚያን ጦርነት ታሪክ የጻፉ ሰዎች በሸለቆው ውስጥ ስላለቀው ሻምበል አንድ ገጽ ሰጥተዋል፤ ስለ ሬዲዮኛው ግን ስሙን እንኳ ሳይጠሩ፣ በክህደት ተቀጣ ብለው አልፈዋል። የኮሎኔሉ የምሕረት ትእዛዝ ስላልተፈጸመ ከማንም መዝገብ አልገባም። ፀሐይ ስትቆጣ የሚወጣው ነፋስ መግነጢሱን እንደ ግድግዳ እየገፋ መጥቶ የሩቁን ጨረር ከምድር እንደሚከላከል ሊቃውንት የደረሱበት ፕሮፌሰሩ ከሞቱ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም በየአገሩ በጦርነቱ ወራት የተቀዱትን ማስረጃዎች ሰብስበው ሲያስተያዩ፣ የአብዛኞቹ መሣሪያዎች መስመር ተቆራርጦና ደብዝዞ አገኙት፤ ሰውም፣ መብራትም፣ አምፖልም የጠፋበት ዘመን ነበርና። ከአንድ ምድር ቤት የመጣው ግን ከወሩ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አንዲት ሰዓት ያልጎደለበት፣ ጥርት ያለ መስመር ነበር፤ ዛሬም ተማሪዎች ጨረሩ እንዴት እንደሚሳሳ የሚማሩት እሱን እያዩ ነው። መምህሮቻቸው የጠባቂውን ትጋት ያመሰግናሉ፤ በዚያ ወር ያን ያህል ምን አተጋው ብሎ የጠየቀ ግን እስካሁን አልተገኘም።